ነፋስ የማይወድ ንስር

ስሙን ሽማግሌዎች ለልጆች በማይነግሩት በአንድ አገር፣ ሰው ሲወለድ መጀመሪያ የሚሰጠው ስም አልነበረም። ማማ ነበር። አባትየው እንጨት ቆርጦ በማሽላው መካከል አራት እግር ያለው ማማ ያቆማል። ልጁ ሲያድግ ወንጭፉን ይዞ እዚያ ላይ ይወጣና ግሪሳ ያባርራል። ግሪሳ ትንሽ ወፍ ናት። አንዷን ብቻዋን ያየ ሰው ያዝንላታል። ደመና ሆና ስትመጣ ግን ጀምበር ሳትዘቀዝቅ ከአንድ መንደር ማሽላ አገዳው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በዚያ አገር ለጋብቻ የሚላኩ ሽማግሌዎች የሚጠይቁት ስለ ጥሎሽ አልነበረም። «ወንጭፏ ስንት እርምጃ ይሄዳል?» ነበር የሚሉት።

ማማ ላይ ያለ ሰው ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። በየመሃሉ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ይህ ለጎረቤት ማማ «አለሁ፣ አልተኛሁም» ማለት ነው። ጎረቤቱም እጁን ያነሳል። እንዲህ እያለ ከአገሩ ጫፍ እስከ ጫፍ እጅ ሲነሳ ይውል ነበር።

ከገደሉ ማዶ ሌላ ንጉሥ ነበር። በአያቶች ዘመን የማዶ ሰዎች ገደሉን ተሻግረው ከብት ነድተዋል፣ ሰውም ወስደዋል። ያ ቁስል ጠገገ እንጂ አልሻረም። አንድ ቀን የማዶው ንጉሥ የሚበር ነገር እያሠራ ነው የሚል ወሬ መጣ። ወሬውን ያመጣው የጨው ነጋዴ ነው። እሱም ከሌላ ነጋዴ ነው የሰማው። የዚህ አገር ንጉሥ ግን ነጋዴውን ካባ አለበሱት፤ በማግስቱም አዋጅ ተነገረ። «እኛም እንሠራለን። የእኛ ከእነሱ ከፍ ብሎ ይበራል።»

ንስር የተባለው ይህ የሚበር ነገር ሠላሳ ዓመት ተሠራ። አጥንቱ ከማረሻ ብረት፣ ቆዳው ከወይፈን፣ ላባው ከእውነተኛ ንስር ነበር። ሰው ደረቱ ውስጥ በሆዱ ተኝቶ በእጅና በእግሩ ክንፉን ያንቀሳቅሳል። ክንፉ ሊያልቅ ሲል የማዶው ጅራት ይረዝማል የሚል ወሬ ይመጣል፤ ይፈታና እንደገና ይጀመራል። ጅራቱ ሲያልቅ የማዶው ዓይን አለው ይባላል፤ ለዓይን የሚሆን ድንጋይ ፍለጋ ሦስት ዓመት ይኬዳል። ያን ጊዜ ሁሉ ገበሬው ማረሻውን ሰጥቶ በሾለ እንጨት ያርስ ነበር።

ያለቀ ቀን አገሩ ሁሉ ወጥቶ አየው። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ክንፉ ሲዘረጋ የሦስት ቤት ጣሪያ ይከድናል። ሽማግሌዎች አለቀሱ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ንስሩ በዝናብ አይወጣም፣ ቆዳው ይርሳል። በፀሐይ አይወጣም፣ የላባው ሙጫ ይቀልጣል። በነፋስ አይወጣም፣ አንገቱ ይጠመዘዛል። መገጣጠሚያው ሞራ ይቀባል፤ ሞራው ግማሽ ቀን ሳይሞላው ያልቃል። ስለዚህ ሹሞች ተሾሙለት። የላባ ሹም አለ፣ የሞራ ሹም አለ። የነፋስ ሹም በየማለዳው ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ሰማይ ያነሳል። የጥላ ሹም ደግሞ ማንም የንስሩን ጥላ እንዳይረግጥ ይጠብቃል። ላባውን አንድ በአንድ የሚጠርግ ሰው ሲፈለግ ዓይኑ የበራ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ያስፈልጋል ተባለ። ይህ ዓይነት ሰው ያለው ማማ ላይ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከአሥር ማማ ሰባቱ ባዶ ቀረ። አንዱ እጁን ቢያነሳ የሚመልስለት ጠፋ።

ገደሉ አፍ ላይ ባለች መንደር አዳፍሬ የሚባል ገበሬ ነበር። ቃል የሚያወጣው ዘር እንደሚያወጣ ሰው ነው፤ በክረምት መግቢያ፣ ለዚያውም ቆጥቦ። ሚስቱ እማዋይሽ ትባላለች። የሁለቱንም ድርሻ የምትናገረው እሷ ነበረች። አንድ ልጅ ወለዱ፣ ትጓደድ። አዳፍሬ ልጁን «ልጄ» ብሎ አቅፏት አያውቅም። ነገር ግን ማማዋን ከሌላው በአንድ ክንድ ከፍ አድርጎ ሠራላት። መወጣጫው እግሯን እንዳይቧጭራት በድንጋይ ሲፈገፍገው ሰነበተ። በየማለዳው ወንዝ ወርዶ ለወንጭፍ የሚሆን ድቡልቡል ጠጠር ይለቅምና ማማዋ ሥር አስቀምጦ ይሄዳል። ማን እንዳስቀመጠው አይናገርም፤ እሷም አትጠይቅም።

ትጓደድ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ለንስሩ ጋላቢ ሲፈለግ በአገሩ ሁሉ ቀላሏና ዓይነ ስሏ እሷ ሆና ተገኘች። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ጋላቢ ወደ ንስሩ ቤት ከገባች፣ ንስሩ እስካለ ድረስ አትወጣም። ምስጢሩን አይታለችና። እናትና አባትም አያዩዋትም፤ ጋላቢ አገሯን ከላይ እንጂ ከታች መውደድ የለባትም ተብሎ። የወሰዷት ዕለት እማዋይሽ መሬት ላይ ተንከባለለች። አዳፍሬ በሩ ላይ ቆሞ «ጫማሽን አጥብቂ» አላት።

ከዚያ በኋላም አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ጠጠር እየለቀመ ባዶ ማማዋ ሥር ያስቀምጥ ነበር።

በአምስተኛው ዓመት፣ ማሽላው ወተት በያዘበት ወር፣ ግሪሳ መጣ። እንደዚያ ዓመት ታይቶ አይታወቅም። የላይኛው መንደር በሁለት ቀን ባዶ አገዳ ሆነ። እማዋይሽ ባዶ ማማ ሥር የተከመረውን ጠጠር እያነሳች ከማለዳ እስከ ማታ ወነጨፈች፤ ክንዷ አበጠ። በመንደሩ እሸት የቀረው እሷና አዳፍሬ የሚጠብቁት ማሳና በዙሪያው ያሉ ጥቂት ማሳዎች ላይ ብቻ ነበር።

መንደሩ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ንስሩ ይውጣልን ብለን እንለምን ተባለ።

«አዳፍሬ ይሂድ» አለ አያ ቢሻው፣ የመንደሩ ተረበኛ።

«አዳፍሬ? እሱ እኮ ደርሶ፣ ዝም ብሎ፣ ተመልሶ ነው የሚመጣው» አለች አንዷ።

«ለዚህ እኮ ነው። ሹሞቹ እኛን ለምደውናል፤ ስንናገር ያዛጋሉ። እሱ አፉን ሲከፍት ግን ማን ሞተ ብለው እንኳ ይሰሙታል።»

ሁሉም ሳቀ። አዳፍሬ አልሳቀም። ማሳው ውስጥ ገብቶ አንዲት የሞተች ግሪሳ አነሳ፣ በቅጠል ጠቀለላት፣ አገልግሉ ውስጥ ከተታት። ከዚያ ጉዞ ጀመረ።

ሁለት ቀን ተጉዞ ንስሩ ቤት ደረሰ። ሰማዩ ደመና ነበር። በሩ ላይ ቀይ ጥምጥም ያደረገ ሰው «ቁም» አለው። «ጥላውን ረገጥክ።»

አዳፍሬ ወደ መሬት አየ። «ጥላ የለም።»

«ፀሐይ ቢኖር፣ ንስሩም ውጭ ቢሆን፣ የሚያርፈው እዚህ ነበር። ዞረህ ግባ።»

ዞሮ ገባ። ውስጥ አዛዥ ምናሉ ተቀምጠዋል። የንስሩ ቤት የበላይ እሳቸው ናቸው፤ ጸጉራቸው ነጭ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው። አዳፍሬ ቅጠሉን ፈትቶ ግሪሳዋን ፊታቸው አኖራት።

«ይህች ናት እየጨረሰችን ያለችው፣ ጌታዬ።»

አዛዡ ሚዛን አስመጡ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ንስሩ የሚወጣው ለሚመጥነው ጠላት ነው። የሚመጥን ማለት ከንስሩ ጅራት ከተነቀለ አንድ ላባ የሚከብድ ማለት ነው። በአንድ በኩል ላባው ተቀመጠ። ከነብረት ዘንጉ ከባድ ነበር። በሌላው በኩል ግሪሳዋ ተቀመጠች። ግሪሳዋ ወደ ላይ ተነሳች። ጸሐፊው «ጠላት አይደለችም» ብሎ ጻፈ።

«አንዷን ነው የመዘናችኋት» አለ አዳፍሬ።

«ሕጉ አንድ በአንድ ነው የሚለው» አለ ጸሐፊው።

አዛዡ ጸሐፊውን በእጃቸው አስወጡት። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ስማኝ አዳፍሬ። ሞኝ አድርገህ አትየኝ። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ የማዶ ሰዎች እናቴን ከምንጭ ወሰዷት። እንስራዋ ምንጩ ዳር እንደቆመ ቀረ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ያን እንስራ ማንም እንዳያነሳው ከልክሎ ነበር። ንስሩ ከቆመ ወዲህ በዚህ አገር አንድ እንስራ ባለቤት አጥቶ ያውቃል?»

አዳፍሬ ብዙ አሰበ። ማሰቡ እውነት ነበር፤ መልስ ፍለጋ አልነበረም።

«አያውቅም» አለ።

«እንግዲያስ።»

«እውነት ነው ያሉት። እንስራው ባለቤት አለው። ዘንድሮ የጎደለው ማሰሮው ውስጥ የሚገባው እህል ነው።»

አዛዥ ምናሉ ግሪሳዋን አንስተው መዳፋቸው ላይ አደረጓት። በጣታቸው ራሷን ዳሰሱ። «እጽፋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ለንጉሡ እጽፋለሁ። ተስፋ አልሰጥህም።» ከዚያ ተነሡና፣ «ና፤ ልጅህን ላሳይህ። መናገር ግን ክልክል ነው» አሉት።

ሁለት ክንድ በምትሆን ትንሽ በር በኩል አሳዩት። ንስሩ በጨለማው ውስጥ በጠፍር ታስሮ ቆሟል። በዙሪያው ከአገሩ ሁሉ ከማማ የወረዱ ሰዎች ላባ ይጠርጋሉ። በደረቱ ውስጥ ትጓደድ በሆዷ ተኝታ ክንፉን ለማንቀሳቀስ ትለማመዳለች፤ ጠፍሩ ስላለ ክንፉ አይነቃነቅም። እጆቿ እስከ ክርን ድረስ ሞራ ናቸው። አንገቷ ቀጥኗል። ቀና ስትል አባቷን አየችው።

ከዚያ ቀኝ እጇን ወደ ላይ አነሳች።

አዳፍሬም እጁን አነሳ።

«መናገር ክልክል ነው አልኩህ» አሉ አዛዡ።

«አልተናገርኩም» አለ አዳፍሬ።

አዛዡ ዞር ብለው ግድግዳውን አዩ። የፈቀዱለት ጊዜ ካለፈ በኋላም ብዙ ሳይጠሩት ቆዩ።

ከስምንት ቀን በኋላ የንጉሡ መልስ ተነገረ። በገበያ ላይ ሰው ማጉረምረም ጀምሮ ነበርና ንጉሡ ፈቀዱ። ግሪሳ ጠላት ስላልሆነች ግን ነገሩ ዘመቻ እንዳይባል ታዘዘ። «ንስሩ ማሳዎችን ይጎበኛል» ተባለ። ዝናብም፣ ፀሐይም፣ ነፋስም የሌለበት ጠዋት ሲገኝ።

ያ ጠዋት ተገኘ። የነፋስ ሹሙ ጣቱን አርሶ አነሳ። አንዳች የለም አለ። እውነቱን ነበር፤ የቆመበት የቤተ መንግሥቱ ግቢ ግንቡ የሦስት ሰው ቁመት ነው። ሹሙ ከተሾመ ጀምሮ ነፋስን የለካው እዚያው ነበር። ከግንቡ ውጭ ወጥቶ ለክቶ አያውቅም፤ የሹመቱ ወንበር ያለው ግቢ ውስጥ ነውና።

አዳፍሬ ማሳው ውስጥ ሳለ ሰዎች ሲጮሁ ሰማ። ቀና አለ። ንስሩ በደመናው ሥር እየመጣ ነበር። ክንፉን በዝግታ ይዘረጋል፣ በዝግታ ይሰበስባል። አያ ቢሻው እንኳ ቆቡን አወለቀ። ግሪሳው እንደ አንድ ትልቅ ሻሽ ከማሽላው ላይ ተነሣ፣ ተጠቀለለ፣ ወደ ገደሉ ሸሸ። በማዶ ያለው ገደል ጫፍም በሰው ተሞላ፤ የማዶ ሰዎች ቆመው ያያሉ።

«እሷ ናት» አለች እማዋይሽ። «እዚያ ውስጥ ያለችው እሷ ናት። አንተ ሰው፣ አየሃት?»

አዳፍሬ አየ። ልጁ ከአገር በላይ ነበረች።

ንስሩ ሦስት ጊዜ ዞረ። ከዚያ ወደ ቤቱ መመለስ ነበረበት፤ ሞራው የሚበቃው ለዚያ ያህል ነው። አንገቱን ወደ ዋና ከተማው ሲያዞር ግን አንድ ክንድ እንኳ ወደፊት አልገፋም፤ ባለበት ቀረ። ግሪሳው ከገደሉ ጀርባ ተመልሶ በማሳው ጫፍ ጫፍ ላይ ማረፍ ጀመረ።

የሚያየውን መጀመሪያ የተረዳው አዳፍሬ ነው። ማሽላ የሚያርስ ሰው ነፋስን በጣቱ አይለካም። የአገዳው ራስ ሁሉ ወደ ገደሉ ዘንበል ብሎ ነበር። ከምሥራቅ የሚነሳው የረፋድ ነፋስ ነው፤ በዚህ ወር በየቀኑ ይነሳል፤ በመንደሩ ያለ ሕፃን ያውቀዋል። ልጁ ያን ነፋስ ሰንጥቃ መሄድ አትችልም። ብትተወው ወደ ገደሉ ይዟት ይገባል። መውረድ ደግሞ አትችልም፤ ንስሩ የሚያርፈው ገለባ በተነጠፈበት ለጥ ያለ አውድማ ላይ ነው፤ እዚህ ያለው ድንጋይና የቆመ ማሽላ ነው።

ሕጉ ለዚህም ተጽፎ ነበር። ጋላቢና ንስር በአንድ ላይ አደጋ ላይ ከወደቁ ንስሩ ይቅደም ይላል፤ ንስር በሠላሳ ዓመት ይሠራል፣ ሰው በዘጠኝ ወር ይወለዳል ይላል።

አዳፍሬ ማጭዱን ከወገቡ አወጣና የራሱን ማሽላ ማጨድ ጀመረ።

እማዋይሽ ደነገጠች። «ምን ሆንክ? ገና ወተት ነው እኮ። አንተ ሰው፣ የቀረን ይህ ብቻ ነው።»

«አንጥፊ» አላት።

አንድ ጊዜ ወደ ላይ አየች። ሌላ አልጠየቀችም። የወደቀውን አገዳ እየሰበሰበች በላይ በላዩ ትደርብ ጀመር። አያ ቢሻው ከማሳው ድንበር ሆኖ አያቸው፤ ቆቡን መልሶ አደረገና ማጭዱን ይዞ ገባ። ከዚያ ሌሎቹም ገቡ። ማንም ማንንም አላዘዘም። እነዚያ ወተት የያዙ የማሽላ ራሶች አራት ወር ሙሉ በላብ ያደጉ፣ በወንጭፍ የተጠበቁ ናቸው። አሁን በገዛ ጠባቂዎቻቸው እጅ ወደቁ። የአዳፍሬ ማሳ አልቆ የጎረቤቱ ተጀመረ። ጎረቤቱ ራሱ ነበር የጀመረው።

መሃል ላይ የሳር ቤት የሚያህል ምንጣፍ ሲሆን አዳፍሬ እላዩ ላይ ወጣና ቀኝ እጁን አነሳ።

ከላይ መልስ አልመጣም። እጇ ሥራ ላይ ነበር። ግን ንስሩ ዞረ። ሞራው እያለቀ መገጣጠሚያው ሲጮህ ከታች ይሰማ ነበር። ዝቅ አለ፣ ዝቅ አለ፣ የማማዎቹን ጫፍ ነክቶ አለፈ። አዳፍሬ ከምንጣፉ ላይ ዘለለ። ቀጥሎ እንደ ዋርካ መውደቅ ያለ ድምፅ ተሰማ። ግራ ክንፉ ተሰበረ፤ የማረሻው ብረት ሁሉ በአንድነት ጮኸ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ፤ ላባ ብቻ ይበራል።

አዳፍሬ አገዳውን በእጁ እየገለበጠ ገባ። ትጓደድን በትከሻዋ ይዞ ጎትቶ አወጣት። ጸጉሯ ውስጥ የማሽላ አበባ ተሞልቷል። አፍንጫዋ ይደማል።

«ተጎዳሽ?»

«አልተጎዳሁም፣ አባዬ።»

እግሯን አየ፣ ክንዷን አየ። እጁ ሊነካት ተነሣና መንገድ ላይ ቀረ።

«እንግዲያስ ነይ» አላት። «ወፉ መጥቷል። የወደቀውን እናድን።»

ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ መንደሩ ሁሉ መሬት ላይ ያለውን ማሽላ ከግሪሳ ሲከላከል ዋለ። ጥቂት ተረፈ። በእሸትነቱ ተጠብሶ፣ ደርቆ፣ ተከፋፍሎ ሰው የሚያከርም ጥቂት።

ንስሩ ሳይመለስ ሲቀር መንገድ የጀመሩት አዛዥ ምናሉ ሌሊቱን ተጉዘው በማግስቱ በበቅሎ ደረሱ። ከኋላቸው ሃያ ጭነት በቅሎ ተከትሏል። የተሰበረውን ክንፍ ዞረው አዩ። ፊታቸው የልቅሶ ቤት ፊት ነበር። ሠላሳ ዓመት የተሠራ፣ እሳቸውም ሲጠብቁት የኖሩ ነገር ነው። ከዚያ ገደሉ ጫፍ ድረስ ሄደው ማዶን አዩ። ማዶ ማንም የለም።

«ትናንት አይተዋል?» ብለው ጠየቁ።

«ሲወርድ አይተዋል» አለ አዳፍሬ። «ሲሰበር አላዩም። ከዚያ ወዲያ ያለው ማሽላ ጋርዶታል።»

«ወደቀ ከተባለ ይመጣሉ» አሉ አዛዡ። «ወደቀ ከተባለ አንተ ትታሰራለህ፣ እሷም ትታሰራለች፣ የነፋስ ሹሙም ይሰቀላል። እንደገና ሠላሳ ዓመት ማረሻ ይሰበሰባል። ካልወደቀ ግን ማንም ምንም አላጠፋም።»

«ይኸው ወድቋል እኮ፣ ጌታዬ» አለ አያ ቢሻው።

«ማሳ ሲጎበኝ ደከመው። ቤቱ ገብቶ እያረፈ ነው።»

አያ ቢሻው ስባሪውን አየ፣ አዛዡን አየ። «እንቅልፉ ከባድ ነው» አለ።

አዛዡ አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ስባሪው በጭድ ተሸፍኖ በበቅሎ ተጫነ። ቀጥሎ ወደ ትጓደድ ዞሩ። ንስሩ ቤቱ ውስጥ ካለ ጋላቢዋም ውስጥ መሆን አለባት። ስለዚህ ትጓደድ ውስጥ ናት። እዚህ የቆመችው ደግሞ ሌላ ሰው ናት።

«ማን ናት ይህች?» አሉ።

እማዋይሽ ወዲያው፣ «የእህቴ ልጅ ናት ጌታዬ፣ ከቆላ መጥታ ነው» አለች።

«በደህና መጣች። እንግዲህ አዳፍሬ፣ አንድ ነገር አለ። ያለ አንተ አይሆንም። ሰው እንዳይጠረጥር በዓመት አንድ ቀን የጋላቢዋ አባት ወደ ንስሩ ቤት መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ልጁን ሰላም ይላል። ሰው በተሰበሰበበት። ጮክ ብሎ።»

«እኔ ጮክ ብዬ አላውቅም።»

«ትለምዳለህ» አሉት አዛዡ። በቅሎዋ ላይ ሲወጡ፣ «እኔም ባዶ ቤት መጠበቅ እለምዳለሁ» አሉ።

ሁሉም እንደተባለው ሆነ። የንስሩ ቤት በሩ ተዘግቶ ዘብ ቆመለት። የጥላ ሹሙ ጥላውን ይጠብቃል። የሚጠረግ ላባ ስለሌለ ግን ጠራጊዎቹ አንድ በአንድ፣ ድምፅ ሳይሰማ፣ ወደየመንደራቸው ተመለሱ። ባዶ ቤት ብዙ ሰው አይፈልግም። በሚቀጥለው ዓመት ማሽላው ወተት ሲይዝ ከአሥር ማማ በስምንቱ ላይ ሰው ነበር። የማዶ ሰዎች አልመጡም። በንስሩ ፈርተው ይሁን፣ በበሩ ፈርተው ይሁን፣ ወይም እነሱም በራቸውን ዘግተው ይሁን የሚያውቅ የለም። አዛዥ ምናሉ በየማለዳው ወደ ገደሉ የሚላኩ ጠባቂዎችን በሹክሹክታ ይጠይቃሉ። እንቅልፋቸው አነስተኛ እንደሆነ ይነገራል።

ዓመቱ ሞላና አዳፍሬ ስንቁን ጠቀለለ። ትጓደድ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ጥቅሉን ከእጁ ወሰደች።

«የት ልትሄጂ?» አላት።

«ስንቅ የሚሸከም ሰው ያስፈልግዎታል።»

ሁለት ቀን ተጓዙ። በመንገድ ላይ ስለ ጭቃው ሁለት ቃል፣ ስለ ውሃው አንድ ቃል ተነጋገሩ። የንስሩ ቤት ፊት ለፊት ሕዝቡ ተሰብስቧል። ሰባኪ ሊሰሙ የመጡ ይመስል ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለዋል። አዛዥ ምናሉ በሩ አጠገብ ቆመው በአገጫቸው አመለከቱት። ትጓደድ ጥቅሉን ይዛ ከሴቶቹ መካከል ቆመች።

አዳፍሬ ወደ በሩ ቀረበ። ወፍራም የዋንዛ እንጨት ነው። ከኋላው ምንም እንደሌለ ያውቃል።

«ትጓደድ» አለ።

ሕዝቡ ጠበቀ። አንድ ሰው ሳለ። አዛዡ ሊያስጨርሱት እጃቸውን ሲያነሱ አዳፍሬ እንደገና ጀመረ፤ ጮክ ብሎ አይደለም፤ ግን ሁሉም ጸጥ ስላለ ይሰማ ነበር።

«የተወለድሽ ቀን በረት ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ጎረቤቶች፣ ሴት ስለሆነች ነው አሉ። ዝም አልኳቸው። ለዚያ አልነበረም። እጅሽን አሳዩኝ፤ ትንሽ ነበር። በዚህ አገር ይህ እጅ ምን ይሆናል ብዬ ነው ያለቀስኩት።»

እጁን የበሩ እንጨት ላይ አሳረፈ።

«ሲወስዱሽ ስለ ጫማ ነው የነገርኩሽ። አፌን በሌላ ነገር ብከፍት አልሰጥም የምል መስሎኝ ነው። አልሰጥም ማለት ነበረብኝ። ከማሽላውም፣ ከበሬዎቹም፣ ከዚህ ከታላቁ ነገርም አንቺ ትበልጪብኛለሽ። እቤት ሳለሽ ይህን መናገር አቃተኝ። እናትሽ ሁልጊዜ ንገራት ትለኝ ነበር። ይኸው ነገርኩሽ። ደህና ሁኚ።»

ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ዘቡ እንኳ ጦሩን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረ። አንዲት ባልቴት አጠገቧ የቆመችውን ልጅ፣ «ምነው አንቺ፣ ታውቂያታለሽ እንዴ?» አለቻት። ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች፤ ጥቅሉን በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛ ነበር።

«ሰምታለች» አሉ አዛዥ ምናሉ፣ ለአዳፍሬ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

አባትና ልጅ በመጡበት መንገድ ተመለሱ። የመጀመሪያው ወንዝ ዳር ደረሱ። እዚያ ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ጠጡ። ትጓደድ ፊቷን ታጠበች፣ ብዙ ጊዜ ወስዳ ታጠበች።

«አባዬ» አለች።

«እህ።»

«ለከርሞም እርስዎ በሩ ድረስ ይመጣሉ?»

አዳፍሬ ጥቅሉን ከትከሻዋ ላይ አንስቶ ራሱ ተሸከመው።

«ሕግ ነው» አለ።